ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ በምን ልክፈል?

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችሁ ከእራት በኋላ የምትነጋገሩበት ነው። ልጅ ፎርም ፎርን ጨርሶ፣ ጥሩ ነጥብ አምጥቶ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ደብዳቤ እጁ ከገባ በኋላ ወላጅ የሚከፍለው ሲያጣ ምን ይደረጋል?

እንድንጽፍ ያነሳሱን አንድ አባት ናቸው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ማለዳ፣ ገና ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» ብንላቸው አልገቡም። እዚያው እንደቆሙ ፌስታሉን ፈትተው ደብዳቤውን ሰጡን። የሴት ልጃቸው ነው። በነርስነት ትምህርት ተቀብለንሻል ይላል። ከጀርባው ደግሞ የክፍያ ዝርዝር አለ።

«መምህር፣ ልጅቷ አንብባልኛለች። የደስታ ወረቀት ነው አሉ። እኔ ግን ካየሁት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አሉን። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባት ነኝ እያልኩ አሁን ምን ብዬ ልንገራት?» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

እኝህ ሰው አገር ቤት ሳሉ ባለ ሱቅ ነበሩ። እዚህ ካኩማ አንድ ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር ሻይና ማንዳዚ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የምግብ ራሽኑ ክፉኛ ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ የሻዩ ገቢ ከቤተሰቡ ጉሮሮ አያልፍም። እና ያፈሩት ሰንፈው አይደለም። እንዲህ ያለ እፍረት የያዛቸው ወላጆች ብዙ ስላሉ፣ የምናውቀውን ያህል ቁጭ ብለን ልንጽፍ ወሰንን።

መቼም ዘመን ይለያያል። እኛ በወጣትነታችን አገር ቤት የመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ ስንገባ ወላጆቻችን የከፈሉት ነገር አልነበረም። አልጋው የመንግሥት፣ ምግቡም የመንግሥት ነበር። እናቶቻችን በሶና ቆሎ በከረጢት ቋጥረው፣ የመሳፈሪያ ብር በመሐረብ ጫፍ አስረው ሸኙን፤ በቃ። (ወጡ ቀጠነ ብለን እናማርር ነበር። እግዜር ይቅር ይበለን።) ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የወጪ መጋራት ደንብ ወጣና ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ተደረገ። ያም ቢሆን «አሁን ተማር፣ ኋላ ትከፍላለህ» ነው። እዚህ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ ለተማሪ ያበድራል፤ የሚያበድረው ግን ለአገሩ ዜጋ ነው። ለኛ ልጆች «ኋላ ትከፍላለህ» የሚል የለም። ተርሙ ሲጀምር ይከፈላል፣ ካልተከፈለ ፈተና የለም።

ስለዚህ ችግራችን ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘቡ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መፈለጉ ነው። የመጀመሪያውን ማናችንም በአንድ ቀን አንፈታውም። ሁለተኛው ላይ ግን የሚሠራ ነገር አለ። ከዚህ በታች የምናወጋችሁም ይበልጡን ስለሱ ነው።

ስኮላርሺፕስ?

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀውን እንመልስ። ስኮላርሺፕ አለ፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ሰው «ዳፊ» የሚለው፣ በአልበርት አይንስታይን ስም የተሰየመውና በዋናነት የጀርመን መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ድጋፍ (አይንስታይን ራሱ ስደተኛ ነበር) የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ካኩማ በተመሠረተበት ዓመት ማለት ነው። በየአገሩ ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞችን አስተምሯል። የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የኑሮና የመጽሐፍ ወጪም ይረዳል። ጥሩ ነው፤ ሞክሩ፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ግን ዩኤንኤችሲአር ራሱ ያወጣውን ቁጥር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ስደተኛ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት የደረሱት 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2024ቱ ዘገባ 7 በመቶ ሆነዋል። በ2030 ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ታስቧል። አድጓል፤ ቢሆንም በዚያ ዘገባ ከመቶ ልጆች ዘጠና ሦስቱ ውጭ ነበሩ።

ሌላው የካናዳው ነው፤ ልጆቹ «ውስክ» የሚሉት። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየራሳቸው ክፍያ ላይ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ስደተኛ ተማሪ ያስመጣሉ። ልጁ የሚሄደው የቋሚ ነዋሪነት መብት ይዞ ነው። እዚህ ላይ ግን ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉልን። «ካናዳ ሄደ» ሲባል ነገር ያለቀ ይመስለናል። ድጋፉ የሚቆየው የመጀመሪያውን ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ማታ ማታ እየሠራ፣ የተማሪ ብድር እየወሰደ ራሱን ያስተምራል። በሁለተኛው ዓመት «ምነው እጅህ አጠረ? ረሳኸን እንዴ?» እያሉ በስልክ የሚቆጡ እናቶችን አይተናል። ልጁ ያኔ ገና ለራሱ የቤት ኪራይ የሚሯሯጥበት ጊዜ ነው።

በኮምፒውተር የሚሰጥም አለ። እዚሁ ካኩማ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የዲፕሎማ ትምህርት አስጀምሮ ብዙ ልጆች ተመርቀውበታል። «የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ» የሚባለው የኢንተርኔት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የትምህርት ክፍያ የለብኝም ይላል። እውነት ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ኮርስ የፈተና ክፍያ አለ። ክፍያው ከ100 ዶላር ይበልጣል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስፈልገው ደግሞ 40 ኮርስ ነው። አስሉት። ለስደተኛ የሚሰጥ የክፍያ እርዳታ አለውና ከመመዝገብ በፊት እሱን መጠየቅ ነው። «ነፃ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚገባ ልጅ ሁለተኛው ኮርስ ላይ ይቆማል።

አንድ ጥፋታችን

እዚህ ላይ ብንደብቀው የማይቀለን ነገር አለ። ከዓመታት በፊት ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ነበረን። ፎርም ፎር ሲጨርስ አንድ ትንሽ ኮሌጅ በሰርተፊኬት ደረጃ ተቀበለው። ክፍያውንም ኡጋንዳ ያለ ዘመዱ ግማሹን ሊረዳው ቃል ገባ። ሊያማክረን መጣ። እኛም በሙሉ ልብ «አንተን የሚያክል ልጅ ሰርተፊኬት አይገባም፤ ስኮላርሺፑ ያንተ ነው፣ ጠብቅ» አልነው። ጠበቀ። የመጀመሪያው ዓመት ስሙ ተጠባባቂ ላይ ወጣ። ሁለተኛው ዓመት ቃለ መጠይቅ ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ዓመት የዕድሜ ገደቡ አለፈው። የዘመዱም እርዳታ በመሀል ቀረ። ዛሬ ቦዳ ቦዳ ይነዳል። በመንገድ ስናገኘው ሞተሩን አቁሞ «ቲቸር፣ ላድርስህ?» ይለናል። ሒሳብ አይቀበለንም። ቢቀበለን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምክራችንን ቀይረናል። ለስኮላርሺፕ ማመልከት አንድ ነገር ነው፣ ስኮላርሺፕ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ያመለከተ ልጅ መልሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ።

ሰባት ዓመት የፈጀው ዲግሪ

አሁን የምንነግራችሁ ደግሞ ስኮላርሺፕ ያላገኘ ብቻ ሳይሆን፣ ማመልከት እንኳን ያልቻለ ልጅ ነው። ነጥቡ ሲ ነበር። በኬንያ በቀጥታ ለዲግሪ ለመግባት ሲ ፕላስ ያስፈልጋል። አባት የለውም። እናቱ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። በውጤቱ ቀን ሌሎቹ ሲጨፍሩ እሱ ከውሃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ ሄዶ ለእናቱ ጄሪካን ሲቀዳ አየነው።

ልጁ በማግስቱ ሥራ ጠየቀ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኢንሴንቲቭ መምህርነት ገባ። ኢንሴንቲቭ ደመወዝ አይደለም ይሉናል፤ ስሙ የፈለገው ይሁን፣ ወር ሲሞላ ይመጣል። ከዚያ ያሰበበት ነገር ነው ያስደነቀን። የኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያስተምሩ መምህራን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ፣ ማለትም በኤፕሪል፣ በኦገስትና በዲሴምበር የሚሰጡት ትምህርት አለ። ተርሙ ሲከፈት ታስተምራለህ፣ ሲዘጋ ትማራለህ። ሥራህን አትለቅም ማለት ነው። ክፍያውም ቢሆን ሦስት ቦታ ይከፈላል። መጀመሪያ ዲፕሎማ ገባ፤ ለዲፕሎማ ሲ በቂ ነው። ዲፕሎማውን ሲይዝ ደግሞ ወደ ዲግሪው ተሸጋገረ።

ገንዘቡን በእቁብ ነው የሰበሰበው። አሥራ ሁለት ሆነው በወር 2,000 ሽልንግ ይጥላሉ፤ የደረሰው 24,000 ይወስዳል። የእቁቡ ዳኛ አንዲት ቡና ሻጭ እናት ነበሩ። ልጁ ሄዶ «እትዬ፣ ዕጣው ለማንም ይውጣ፤ ለኔ ግን ኦገስት ላይ ካልደረሰኝ ትምህርቴ ይቀራል» አላቸው። እሳቸውም «ዋስ አምጣ፤ ከሰው ጋር አለዋውጥሃለሁ» አሉት። ዋስ የሆንነው እኛ ነን። እውነቱን እንናገርና ፈርተን ነበር፤ አላሳፈረንም።

አንድ ደብተር ነበረው። በመጀመሪያው ገጽ ሦስት ረድፍ አስምሯል፤ «ለትምህርት ቤት»፣ «ለሆድ»፣ «ለመንገድ» ይላል። ለመንገድ የሚለው ትንሽ አይምሰላችሁ። ከዚህ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ ነው የሚማርበት ከተማ የሚደርሰው፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ። ለሆድ በሚለው ረድፍ ላይ ግን ከሽልንግ ይልቅ «ድርቆሽ» የሚል ቃል ይበዛ ነበር። እናቱ ሳይሸጥ የቀረውን እንጀራ አድርቀው በማዳበሪያ ከረጢት ይሞሉለታል። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ እሱ ድርቆሽና በርበሬ፣ እነሱ ሽንኩርትና ዘይት እያዋጡ ፍርፍር ይበላሉ። ከልጆቹ አንዱ የዚሁ አገር ልጅ ነበረና እስከ ዛሬ ፍርፍር ይወዳል አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መንገዱ ቀና ነበር ብለን አንዋሻችሁም። በሦስተኛው ዓመት እናቱ ታመው ሎድዋር ሆስፒታል ገቡ። ለኤፕሪል የተዘጋጀው ገንዘብ እዚያ አለቀ። ማን ይፈርድበታል? ስህተቱ ገንዘቡን ማውጣቱ አልነበረም። ለዩኒቨርሲቲው አንድ መስመር ሳይጽፍ መቅረቱ ነው። ኦገስት ላይ ዕጣውን ይዞ ሲሄድ ስሙ ከመዝገብ ወጥቷል። «ያለ ማስታወቂያ አቋርጠሃል» ተብሎ እንደገና የምዝገባ ክፍያ ከፈለ፤ ሁለት ኮርስም ከመጀመሪያው ደገመ። ጽሕፈት ቤቱን ለምኖ፣ ተለማምጦ ነበር፤ አልሆነም። ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ያድነው ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ስሙን። ገንዘብ ሲጠፋ አትጥፉ። በዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርትን በይፋ ማዘግየት ይቻላል፤ ልጆቹ «ዲፈር ማድረግ» የሚሉት ነው። በጊዜው ማመልከቻ ይገባል፣ መልሱ በጽሑፍ ይመጣል፣ ወረቀቱ ይቀመጣል። እንዲሁም ሙሉውን መክፈል ያልቻለ ከፈተና በፊት ወደ ሒሳብ ክፍል ሄዶ በሁለትና በሦስት ጊዜ ልክፈል ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። የሚፈቅዱ አሉ፣ የማይፈቅዱም አሉ። ነገር ግን የፈተና መግቢያ ካርድ በሚታደልበት ጠዋት በር ላይ ሆኖ ማልቀስ ማንንም ሲረዳ አላየንም።

ልጁ ከዚያ ወዲያ በደብተሩ ላይ አራተኛ ረድፍ ጨመረ፤ «ለክፉ ቀን» የሚል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። የሚሄደው ግን በመሀል ካልተሰበረ ነው። የኛ ሰው እንቁላል የሚሰበረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ከአገር ቤት ይደወላል፤ አጎት ታሟል፣ ተዝካር ደርሷል፣ የአክስት ልጅ በመንገድ ላይ ተይዟል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ያማል። ልጁ ከእናቱ ጋር የተስማማው በአራተኛው ረድፍ ያለው ብቻ ለዘመድ እንዲሰጥ ነው። እዚያ ከሌለ «የለንም» ይባላል። እናቱ ይህን ቃል ማለት ልጃቸው ካለፈበት ፈተና ሁሉ የከበደ ነበር ብለው ነግረውናል።

ዲግሪውን ሲይዝ ሰባት ዓመት አልፎታል። አብረውት የፈተኑት ልጆች በአራት ዓመት ጨርሰዋል። ዛሬ እዚሁ ካምፕ ውስጥ ከኛ ጋር ያስተምራል፤ ዋስ የሚሆነውም እሱ ሆኗል።

በደብዳቤው ላይ የማይጻፈው

የመግቢያ ደብዳቤ ጀርባ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ቁጥር አይደለም። የምዝገባ፣ የመታወቂያ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የተማሪዎች ማኅበር፣ የሕክምና፣ የፈተና እያለ ይቀጥላል። የቤት ኪራይ፣ የስልክ ኢንተርኔት፣ ወረቀት ማባዣ አለ። በመጨረሻም ለምረቃው ጋዋን ይከፈላል። ለነርስነትና ለመሳሰሉት ደግሞ የሆስፒታል ልምምድና የደንብ ልብስ ይጨመራል። አንዱን ዓመት የጨረሰ ልጅ ፈልጋችሁ፣ ሻይ ጋብዛችሁ፣ እውነተኛውን ወጪ ጠይቁት። ሌላም አንድ ጥያቄ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ስደተኛን የሚያስከፍለው እንደ አገሩ ልጅ ነው ወይስ እንደ ውጭ አገር ተማሪ? ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከካምፕ ለመውጣት የይለፍ ወረቀቱን ነገር ታውቁታላችሁ። የመግቢያ ደብዳቤውን አያይዞ ቀደም ብሎ ማመልከት ነው። አውቶቡስ ቲኬት ገዝቶ ወረቀት የሚጠብቅ ልጅ የቲኬቱን ገንዘብ ይከስራል።

ወላጅ ያለ ገንዘብ የሚያደርገው

አሁን ወደ አባትየው እንመለስ። ደብዳቤውን ካየን በኋላ የልጅቷን ወረቀቶች ሁሉ እንዲያመጡልን ጠየቅናቸው። «እሱ ሞልቷል» ብለው ሄደው አመጡ። ማኒፌስቱን ከፈተናው የምስክር ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አድርገን ስናይ የልጅቷ ስም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላይ የአባት ስም መጀመሪያ መጥቷል፤ ሌላው ላይ የአያት ስም ቀርቷል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ ነው። እኛ ስማችንን ከነአባታችን ነው የምንጠራው፤ ፎርሙ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ይላል። አስተርጓሚው ቸኩሎ ያኖረው ፊደል ከዓመታት በኋላ ልጅን ከበር ይመልሳል።

ከስሙ የባሰው የልደት ቀኑ ነው። ልጅቷ የተወለደችው በ1998 ዓ.ም. ነው። አባትየው ሲመዘገቡ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ጸሐፊው ግን እንደሰማው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድርጎ 1998 ብሎ አስገባው። እንደ ፈረንጁ 2005 ወይም 2006 መሆን ነበረበት። እናም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በወረቀት ላይ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ሆና ቁጭ ብላለች! ስኮላርሺፕ የዕድሜ ገደብ አለው። ልጅቷ ለማመልከት ብትቀርብ በዕድሜዋ ምክንያት ሊጥሏት ይችሉ ነበር። አባትየው ይህን ስንነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም?» አሉ። አያስፈልግም አልናቸው። በማግስቱ ምዝገባው ቢሮ በር ላይ ነበሩ።

ወላጆች፣ ይህን ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ ልጃችሁ ገና ግሬድ ስድስት ቢሆንም። ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑን፣ የልደት ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ። ለማስተካከል ወራት ይፈጃል፤ ልጁ ከተፈተነ በኋላ ደግሞ ይብሳል። አገር ቤት ተፈትነው የመጡ ልጆችም የአቻነት ማረጋገጫ ሳይዙ የትም እንዳይከፍሉ ንገሯቸው።

ስለ ሁለት ዓይነት ሰው ደግሞ እናስጠንቅቅ። አንደኛው «ስምህን ስኮላርሺፕ ላይ አስገባልሃለሁ፤ እጄን አርጥብልኝ» የሚለው ነው። ስኮላርሺፕ አይሸጥም፤ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ በነፃ ነው። ገንዘብ የጠየቃችሁ ሰው የቢሮ ባጅ ቢያንጠለጥልም ሌባ ነው። ሁለተኛው ለሴቶች ልጆቻችን «እኔ ላስተምርሽ» እያለ የሚመጣው «አጎት» ነው። አንዳንዱ እውነተኛ ደግ ሰው ይሆናል። ግን የሚከፍለው በወላጅ ፊት፣ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው የባንክ ሒሳብ ይሁን፤ ደረሰኙም ለልጅቷ ይምጣ። በዚህ የማይስማማ አጎት ሌላ ነገር ፈልጎ ነው። እናቶች ከልጆቻችሁ ጋር ይህን በግልጽ ተነጋገሩ። አፍራችሁ የምትተዉትን እሷ ብቻዋን ትሸከመዋለች።

አባትየው መጀመሪያ ያሰቡት ሻይ ቤቱን ከነማሰሮው ሸጠው የአንዱን ዓመት ሊከፍሉ ነበር። ባለቤታቸው «የሁለተኛውን ዓመት ምን ልትሸጥ ነው?» ብለው አስቆሟቸው። ታናሽ ወንድሟም «እኔ ትምህርቴን ትቼ ልሥራ» ብሎ ነበር። ልጅቷ ናት እምቢ ያለችው። «ቲቸር፣ እሱ ከወጣ እኔም አልገባም» አለችን። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፍን፤ መግቢያዋን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩላት። ፈቀዱላት። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት ሆና በኢንሴንቲቭ ትሠራለች፤ ከወር ወር ትጥላለች። አባቷም በሌላ እቁብ ገብተዋል። የልደት ቀኗ ማስተካከያ ማመልከቻ ገብቶ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ቀኑ እንደተስተካከለ ለዳፊ ታመለክታለች፤ ትጠብቃለች ግን አላልንም።

እኛም ከሌሎች ሁለት መምህራን ጋር ሆነን ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንቀመጣለን። ለምክሩ የሚከፈል የለም። ስትመጡ ማኒፌስቱን፣ የፈተናውን ውጤት፣ የመግቢያ ደብዳቤ ካለም እሱን ይዛችሁ ኑ። ልጁም አብሮ ይምጣ፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው እሱ ነው፣ እኛ እናርምለታለን።

የልጅቷ የመጀመሪያ ክፍያ ሴፕቴምበር ላይ ነው። የአባትየው ዕጣ ገና አልወጣም።